መጣ

«መብራት ሄደ» አልን፣ እንደ መንገደኛ፣
ስንቁን እንዳሰረ፤ አልሸኘነው እኛ።
የት እንደ ሄደ እንጃ፣ መቼ እንደሚመጣ፣
ማንም አያውቅለት ሲገባ ሲወጣ።

ሰኔ ሊጋመስ ነው። ሽምብጥ ላይ ደመና።
ከዝናቡ ቀድሞ ነፋስ ልኳል ጣና።
የስፌት መኪናዬ፣ ጨርቅ እንደ ነከሰ፣
ቆመ በእጅጌው ላይ፤ ቀኑም ተገመሰ።
እግሬን ከፔዳሉ ማንሣቱን ረሳሁ፣
በረንዳዬ ሆኜ ጎረቤት አየሁ።

ምንውየለት ወጥቷል ከቤቱ ጣሪያ ላይ፣
ከማንጎው ጫፍ ያለች አንዲት ቢጫ ቢያይ፤
ሜንጦ ጫፉ ላይ አስሮ በአራት ሜትር ብረት፣
ወደ ላይ ይሰዳል፣ ሽቦው ባለፈበት።
ይታይሽ ከታች ነች፣ ልብስ ታነሣለች፤
ቀና ብላ አየችው፤ አየችና ጮኸች።

«ጣለው ይሄን ቧንቧ! ከሽቦው አርቀው!»
«ሄዷል እኮ!» አላት፣ እንደሚያናንቀው።
«ሄዷል ብሎ ማነው ለአንተ የነገረህ?
ደብዳቤ ጻፈልህ? ወይስ ደወለልህ?»
«እርግቧን እያት» አላት፣ «ሽቦው ላይ ሆና፣
ላባዋን ስታበጥር፣ በሙሉ ጤና።»
«እርግብ ሽቦ ይዛ መሬት አልነካችም፤
እሷ የአየር ናት፤ አንተን አትሆንም።
አንተ ግን የአፈር ነህ፣ የመሬት ባለዕዳ፤
ዕለቱ ሳይደርስ መክፈል ምን ይረዳ?»

ተናደደ። ሙግት ሁለት እጅ ይፈልጋል፤
በአንድ እጅ ቧንቧ ይዞ ማን ይሟገታል?
ብረቱን ለቀቀው፤ ጭቃው ላይ ወደቀ፤
ጣቱን ቀስሮ ገና «አንቺ ደግሞ…» ሲል ደረቀ።

መርፌው ከእጅጌው ላይ ሳላዘው ዘለለ፣
እየሾለከ ሄደ፣ ክሩን እያስከተለ።
ከጓሮ፣ ከጎዳና፣ ከየደጁ ሲወጣ፣
የልጆች ጩኸት ነው፣ በአንድ ድምፅ፦ «መጣ!»

ስንት ጊዜ ሰማኋት፣ የደስታ ቃል ነበረች፤
ያን ቀን ግን ጣሪያው ላይ በረዶ ሆና ወረደች።
ምንውየለት አየ ባዶውን መዳፉን፤
ይታይሽ በእርጥብ ልብስ ሸፈነች አፏን።
ዝም። ጥቂት ቆይቶ፣ ነፋሱ መጣና
አወረዳት ያችን ፍሬ፤ ውስጧ ጥሬ ነው ገና።

ጣና ነው እኮ ይሄ፣ በላያችን ያለው፣
ከጢስ ዓባይ ወድቆ በሽቦ የተነሣው።
«ጅረት» ይሉታል የተማሩት ስሙን፤
ዓሣ የለው፣ ደለል፤ አያሰማም ድምፁን።
ውሃ ዳር ያደገ ጥልቀቱን ያውቀዋል፤
ይሄኛውን ግን ወንዝ በምን ይለካዋል?

በዚያው ሰሞን ማታ፣
ዘምባባውን ወጀብ ሲገርፈው አመሸና፣
ሽቦ ተበጠሰ፣ ወደቀ ከጎዳና።
ብልጭታም የለው፣ ድምፅም የለው፤ ዝም፤
የሞተ እባብ ይመስላል፤ አልነካውም ማንም።
ፌስታል ራሱ ላይ ደፍቶ፣ ቆሞ ከሩቅ ስፍራ፣
ምንውየለት ነበር አላፊ ሲጣራ፦
«ሃያ እርምጃ ራቁ! ኩሬውን አትርገጡ!
ባለ ባጃጅ ተመለስ! ልጆች፣ በዚያ ውጡ!
አንቺ የቀረብሽው፣ እግርሽን አታንሺ፤
አጣብቀሽ መሬት ላይ እየጎተትሽ ሽሺ!»
«በእንጨት ልግፋው» ያለ ጎረምሳም ነበር፤
«እንጨቱ እርጥብ ነው፣ ተው፣ ወንድሜ፣ ይቅር፤
ደውለናል፤ ባለሙያው እስኪመጣ ይደር።»
«ሄዷል እኮ» ቢለው አንዱ ከጨለማ፣
ዞረና «ሄዷል?» አለ፤ «እንግዲያስ እኔን ስማ፤
እኛ ‹ሄዷል› ስንል፣ ቆሞ ይሰማናል፤
እሱ ሄዶ አያውቅም፤ የሚሄደው ሰው ነው፤ እሱ ዝም ይላል።»

ጎህ ሲቀድ ሠራተኞች ቆብ ደፍተው ደረሱ፤
አጥፍተው፣ ፈትሸው፣ ሰቅለው ተመለሱ።

ያ እጅጌ የእሱ ነበር፣ የምንውየለት ሸሚዝ፤
ስፌቱ ጠሟልና «ልተርትረው» ብለው፣
አየት አደረገውና፣
«ተወው» አለኝ፣ «እንዲሁ ልያዝ።»